በሦስት ጥያቄ የወደቅኩበት ፈተና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። አምስት ሆነን ሶፍትዌር የምንሠራባት ትንሽ ቢሮ አለችን። አሁን ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መዝገብ እየሠራን ነው። ኃላፊያችን «ከእናንተ አንዱ የስክረም ማስተር ሰርተፊኬት ይያዝ» አለና ዕጣው እኔ ላይ ወጣ። ስክረም ያው ሥራን በአጭር በአጭር ዙር ከፋፍሎ በቡድን የመሥራት ዘዴው ነው። ውጭ አገር ያለችው አክስቴ ክፍያውን እችላለሁ ብላለች፤ ግን አንዴ ብቻ ነው። ብወድቅ በምን አፌ ደግሜ እጠይቃታለሁ? የትኛውን ልፈተን? መብራቱና ኔትወርኩ እንደሚያውቁት ነው። እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ቢሮ ውስጥ በስክረም መሥራት ከጀመርን ዓመት አልፎናል። እሱ ይበቃኛል ወይስ ኮርስ ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የሚያስፈራኝ ያ የአንድ ዓመት ልምድሽ ነው። እኔን የጣለኝ እሱ ነውና።

የዛሬ ጥቂት ዓመት እዚያው ማርቆስ እየሠራሁ ፒኤስኤም ዋን የሚባለውን የስክረም ማስተር ፈተና ተፈተንኩ። 80 ጥያቄ ነው፣ በ60 ደቂቃ። ለአንዱ ጥያቄ 45 ሰከንድ ይደርሰዋል ማለት ነው። ማለፊያው 85 በመቶ ነው፤ 68 ጥያቄ መመለስ አለብሽ። እኔ 65 መለስኩ፤ 81 በመቶ መሆኑ ነው። ልጅ እያለሁ 81 ይዤ ብገባ ዶሮ ይታረድልኝ ነበር። እዚህ ግን ወደቅኩ።

የትኛውን ጥያቄ እንደሳትኩ አይነግሩሽም። ግን ማታ የስክረም መመሪያውን ገልጬ ሳነብ ራሴው አገኘሁት። ፈተናው የሚጠይቀው መመሪያው ምን እንደሚል ነው፤ እኔ ስመልስ የዋልኩት ቢሯችን ምን እንደሚያደርግ ነበር። ለምሳሌ ስፕሪንትን፣ ማለትም ከአንድ ወር የማይበልጠውን የሥራ ዙር፣ መሰረዝ የሚችለው ማን ነው? እኛ ዘንድ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ይደውላል፣ ሥራው ይቆማል፣ አለቀ። በመመሪያው ግን ሥልጣኑ የፕሮዳክት ኦነሩ፣ የምርቱን ሥራ ቅደም ተከተል የሚወስነው ሰው፣ ብቻ ነው፤ እሱም የስፕሪንቱ ግብ ትርጉም ሲያጣ። ዴይሊ ስክረም የሚባለው የየዕለቱ አጭር ስብሰባም እንደዚሁ። እኛ ቆመን፣ በየተራ ለኃላፊው ሪፖርት እያቀረብን፣ አርባ ደቂቃ እንፈጅ ነበር። መመሪያው 15 ደቂቃ ነው የሚለው፤ ስብሰባውም የሠሪዎቹ ነው፣ አካሄዱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። «ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አገደህ» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች እንኳ በ2020ው (እ.ኤ.አ.) እትም ከመመሪያው ተወግደዋል። ቆማችሁ ተሰብሰቡ የሚልም የለበትም። እኛ ግን ዓመት ሙሉ እግራችን እስኪዝል ቆመናል።

ሌላው ጥፋቴ የትርጉም ነው። ማስታወሻዬን በአማርኛ ስይዝ ስክረም ማስተርን «የስክረም አለቃ» ብዬ ጻፍኩት። አንዴ አለቃ ካልኩት በኋላ ሥራ የሚያከፋፍለው፣ የሚቆጣጠረው፣ የሚፈቅደው ሁሉ እሱ መሰለኝ። የስክረም ማስተር ሥራ ግን ቡድኑ ስክረምን በትክክል እንዲሠራበት መርዳትና እንቅፋት እንዲነሳለት ማድረግ ነው። ሥራ ማደል አይደለም። ማን ምን እንደሚሠራ ቡድኑ ራሱ ይወስናል። ስልጠና ላይ «ስክረም ማለት ደቦ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አይጥመኝም። ደቦ ላይ ጠሪው ደግሶ ይጠራል፣ አጨዳውም ባለማሳው እንዳለው ነው። ይበልጥ የሚቀርበው ወንፈል ነው፤ ዛሬ አንተጋ፣ ነገ እኔጋ፣ ሁሉም በእኩል። እሱም ቢሆን ልክ አይገጥምም። ስለዚህ ቃሎቹን አትተርጉሚያቸው። ስክረም ማስተር፣ ባክሎግ (ተራ የሚጠብቀው የሥራ ዝርዝር)፣ ኢንክሪመንት (ተሠርቶ ያለቀው ክፍል) እያልሽ እንዳሉ ያዣቸው።

እንግሊዝኛውን አትፍሪው። መመሪያውን የጻፉት ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ናቸው። የመጨረሻው እትም የኅዳር 2020 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው። በነጻ ይወርዳል፣ ከ15 ገጽ አይበልጥም። ፈተናው በአማርኛ የለም፣ ግን የመመሪያው ቋንቋ ቀላል ነው። እኔ ለሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጄ ገለበጥኩት። «የግድ ነው» የሚለውንና «ይቻላል» የሚለውን በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ለየሁ። ብዙው ወጥመድ እዚያ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ የምትኖሩበት ዩዘር ስቶሪ (የተጠቃሚው ፍላጎት በአጭሩ የሚጻፍበት) እና ስቶሪ ፖይንት (የሥራው ክብደት የሚገመትበት ነጥብ) በመመሪያው ውስጥ የሉም። ተጠቀሙበት፣ ግን የስክረም ግዴታ ነው ብለሽ እንዳትመልሺ።

የስብሰባዎቹን ሰዓት በቃልሽ ያዢ። ለአንድ ወር ስፕሪንት ፕላኒንጉ (ማቀጃው) ቢበዛ 8 ሰዓት፣ ሪቪው (የተሠራው የሚታይበት) 4፣ ሪትሮስፔክቲቭ (አሠራሩ የሚገመገምበት) 3። እኔ በወረቀት ጽፌ ከረከቦቱ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ ቡና እየቆላች «ሪቪው?» ትለኛለች፤ «አራት» እላለሁ። «ሪትሮው?» «ሦስት»። ከሳምንት በኋላ እሷ ብትፈተን ታልፍ ነበር።

የትኛውን ለምትይው፣ ፒኤስኤም ዋንን ያዢ። ሲኤስኤም የሚባለው ሌላው የስክረም ማስተር ፈተና 50 ጥያቄ ነው፣ 37 ከመለስሽ ታልፊያለሽ። ቀለል ይላል። ግን ኮርስ ሳትወስጂ አያስፈትኑሽም፤ በየሁለት ዓመቱም ከፍለሽ ማደስ አለብሽ። የአክስትሽን «አንዴ ብቻ» አስቢው። ፒኤስኤም ኮርስ አያስገድድም፣ ካለፍሽም ሰርተፊኬቱ አያረጅም። ኮርስ ሳይወስዱ ከወደቁ ግን በነጻ መድገም የለም፤ እኔ ሁለቴ ከፍያለሁ። ለዚህ ነው ሳትቸኩዪ ግቢ የምልሽ። የፒኤስኤም አዘጋጆች ስክረም ኦፕን የሚባል የነጻ መለማመጃ አላቸው፣ 30 ጥያቄ በ30 ደቂቃ። ከዋናው ይቀላል። ስለዚህ አንዴ 90 ስላገኘሽ አትዘናጊ። በተከታታይ ሦስት አራት ቀን ምንም ሳትስቺ ስትጨርሺ ያኔ አክስትሽን ክፈይልኝ በያት።

መብራቱን በተመለከተ ፒኤስኤም አንድ ደግ ነገር አለው። ቀጠሮ የለውም። የይለፍ ቃሉ አንዴ ከተላከልሽ በፈለግሽው ቀንና ሰዓት ትጀምሪያለሽ። ከጀመርሽ በኋላ ግን መብራት ቢሄድም ሰዓቱ አይጠብቅሽም። እኔ ሁለተኛውን የተፈተንኩት ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ኔትወርኩን የሚሻማ ሰው የለም። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ፣ ዳታ የተሞላ ስልክ ሁለት፣ አንዱ ቢከዳ ሌላው ሆትስፖት እንዲሆን። የማርቆስን የንጋት ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ጋቢ ለብሼ፣ ጣቴን እየተነፈስኩበት፣ ከቤተ ክርስቲያን የኪዳን ድምፅ እየመጣ። የከበደኝን ምልክት እያደረግኩበት ዘለልኩት፣ በመጨረሻ ተመለስኩበት። ስምንት ደቂቃ ተርፎኝ ጨረስኩ። ባለቤቴን ቀሰቀስኳትና «ስንት ሰዓት?» አለችኝ። የሪቪውን የጠየቀችኝ መስሎኝ «አራት» አልኳት።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። የውኃ መሐንዲስ ነኝ፤ ምንጭ እናጎለብታለን፣ ቧንቧ እንዘረጋለን። ጓደኛዬ ፒኤምአይ የሚባለው የፕሮጀክት አመራር ማኅበር የሚሰጠውን የአጃይል (ሥራን በትንሽ በትንሹ እየሞከሩ የማሻሻል ዘዴ) ፈተና ውሰድ ይለኛል። ለእኔ ዓይነት ሥራ ይረባል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ፒኤምአይ ኤሲፒ ነው። 120 ጥያቄ፣ 3 ሰዓት። ከስክረም ሰፋ ይላል፤ ካንባንም (ሥራን ሰሌዳ ላይ እያዩ መምራት) ሊንም (ብክነትን መቀነስ) አለበት። የሥራ ልምድና ስልጠናም ይጠይቃሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቦይ ቁፋሮ በየሁለት ሳምንቱ እየሞከሩ የሚያሻሽሉት ነገር አይደለም። የተቀበረ ቧንቧ ተቀብሯል። የሚጠቅምህ ካንባኑ ነው፤ በተለይ በአንድ ጊዜ የሚከፈተውን ሥራ መገደብ። ሦስት ቦይ ከፍታችሁ አንዱንም ሳትጨርሱ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ከእኔ አንተ ታውቃለህ። ለዚህ ደግሞ ፈተና አያስፈልግህም፤ ግድግዳና ወረቀት ይበቃል። ለሥራ ውድድር ከሆነ የምትፈልገው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ውሰደው።

ከወሰድክ ሁለት ነገር። ስትመዘገብ ስምህ በመታወቂያህ ላይ ባለው ፊደል ልክ ይሁን፤ «ተስፋዬ» በላቲን ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስበው። ቀጠሮውም በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ 10፡00 የሚለውን አይቶ በእኛ አስር ሰዓት ኮምፒውተሩን ከፈተ። ቀጠሮው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አልፎ ነበር።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «እውነተኛ የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ» የሚሸጡ አሉ። ልግዛ ወይ? ከዳንግላ።

መልስ፦ አትግዛ። የፈተናው ሕግ አይፈቅድም፣ ቢደረስብህ ሰርተፊኬትህ ይሰረዛል። ያን ትተን እንኳ፣ እኔ አንዱን ለማየት ያህል አይቼዋለሁ፤ ገና የስክረም መመሪያውን የ2017ቱን (እ.ኤ.አ.) እትም ይዞ «ዴቨሎፕመንት ቲም» ይላል። ከ2020ው እትም ወዲህ መመሪያው ውስጥ የሌለ ቃል ነው።