4,000 ስቶል ለመንገድ መኪና? ቀስ በል ወንድሜ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ2002 ካማሮ ኤስኤስ አለኝ፤ ሞተሩ ኤልኤስ1፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ። አምና ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ረዘም ላለ ጊዜ በሚከፍት፣ 224 ዲግሪ በሆነ ቀየርኩት፤ ሄደር የሚባለውን የጭስ ማውጫም አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ቀይ መብራት ላይ ድራይቭ ላይ እያለ ስቆም ይንቀጠቀጣል፣ ሊጠፋም ይደርሳል። ስነሳ እንደ ሞተ ነው፤ በደቂቃ ከ2,500 ዙር በላይ ግን አውሬ ይሆናል። ጓደኞቼ ‹4,000 ስቶል ኮንቨርተር አስገባ› ይሉኛል። በየቀኑ አርሊንግተን ለሥራ እመላለስበታለሁ፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ቡድስ ክሪክ የውድድር ሜዳ ሄጄ ድራግ (የቀጥታ መስመር ፉክክር) እሮጥበታለሁ። የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሞተርህ አልታመመም። የተጣሉት አዲሱ ካምሻፍትህና ከፋብሪካ የመጣው ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያቀብለው ዕቃ) ናቸው። ጓደኞችህ ኮንቨርተር ቀይር ማለታቸው ልክ ነው። ቁጥሩ ላይ ግን አልስማማም።

የገጠር የውሃ ወፍጮ አይተህ ታውቃለህ? ኮንቨርተርም ያው ነው፤ በውሃ ፈንታ ዘይት። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክፍል ዘይቱን ይወረውራል። ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው ተርባይን ደግሞ በዘይቱ እየተገፋ ይዞራል። መሃላቸው ስታተር የሚባል አለ፤ ተርባይኑን መትቶ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ እንደገና ለግፊት ያውለዋል። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩ ጉልበት እጥፍ ገደማ ሆኖ ወደ ካምቢዮ የሚገባው በእሱ ነው።

ስቶል የሚባለው ተርባይኑ ቆሞ እያለ ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ የሚደርስበት ዙር ነው። ያንተ ፋብሪካ የሰጠህ 1,800 አካባቢ ላይ ይይዛል። ካምሻፍትህ ደግሞ የሚነቃው 2,500 ላይ ነው። ሰውየው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ኩንታል እያሸከምከው ነው ማለት ነው። ቀይ መብራት ላይ የሚንቀጠቀጠውም ለዚሁ ነው፤ ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው የፋብሪካው ኮንቨርተር ሚኒሞ ላይ ሳይቀር ሞተሩን ይጎትተዋል። ላላ ያለ ኮንቨርተር ሲገባ ሞተሩ ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስቶል እንደ ጫማ ቁጥር አትየው። ስቶሉን የሚወስነው የኮንቨርተሩ አሠራር ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ሞተርም ነው። 350 ፉት-ፓውንድ ቶርክ (የመጠምዘዝ ጉልበት) ባለው ሞተር 3,200 ላይ የያዘ ኮንቨርተር፣ ያንኑ አውጥተህ 450 ካለው ሞተር ጋር ብትገጥመው ወደ 3,600 ይወጣል። ስለዚህ «የጓደኛዬ 4,000 ነው» ማለት ስለ ጓደኛህ መኪና እንጂ ስላንተ ምንም አይነግረንም። የፍሬኑን ፔዳል ረግጦ ነዳጅ በመስጠት የሚለካውንም ብዙ አትመን። ያንተን በሚያህል ጉልበት ፍሬኑ ሳይችል ቀርቶ የኋላ ጎማው መዞር ይጀምራል፤ የምታነበው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል።

እኔ የምፈራልህ የድራግ ሜዳውን አይደለም፤ የ495 አውራ ጎዳናን ነው። አብረን እናስላው። የኋላ ዲፈረንሻልህ 3.23 ነው እንበል፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ 3.23 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የካምቢዮህ 4ኛ ማርሽ 0.70 ነው። 275/40 ባለ 17 ጎማ ቁመቱ 25.7 ኢንች ገደማ ነው። በሰዓት 65 ማይል ስትነዳ ሞተርህ 1,900 ዙር ላይ ነው። ይህ ከ4,000 ብቻ ሳይሆን ከ3,200ም በታች ነው። ኮንቨርተሩ በዚህ ዙር በደንብ አይዝም፤ ይንሸራተታል። መንሸራተት ደግሞ ሙቀት ነው፤ ካምቢዮ የሚገድለውም ሙቀት ነው።

መድኃኒቱ ሎክአፕ ነው። ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ ፍሪሲዮን ሲሆን፣ ሲይዝ ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ መንሸራተት ይቀራል። ዋጋ ለመቀነስ ብለው ሎክአፕ የሌለው ኮንቨርተር ሊሸጡልህ ቢሞክሩ ወሬውን እዚያው ጨርሰው። ለድራግ ብቻ የተሠራ መኪና ሊሆን ይችላል፤ አርሊንግተን ለሚመላለስ ግን አይሆንም። ሎክአፕ ግን የሚረዳህ መንገዱ ሲለቀቅ ነው። ማለዳ ጎማ በጎማ እየተንፏቀቅክ በ2ኛ ማርሽ ስትሄድ አይያዝም። 4,000 ስቶል የሚያሰቃይህ ያኔ ነው፤ ነዳጅ ትሰጣለህ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ደግሞ እያሰበ ይከተልሃል።

እኔ ብሆን ላንተ መኪና ከ3,000 እስከ 3,200፣ ባለ ሎክአፕ፣ ስፋቱ 10 ኢንች አካባቢ የሆነውን እገዛለሁ። የፋብሪካው 12 ኢንች ገደማ ነው፤ ሲያንስ ይቀላል፣ ስቶሉም ይጨምራል። አልዋሽህም፣ በ3,600 በየቀኑ የሚሄዱ አሉ፤ ደስ ብሏቸውም ይነዳሉ። አብዛኞቹ ግን ዲፈረንሻላቸውን 3.73 ወይም ከዚያ በላይ አድርገውታል፤ በዚያ ሞተሩ በእኩል ፍጥነት ከፍ ባለ ዙር ይሄዳል።

ሰው የማይጠይቀው አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሁለት ኮንቨርተሮች እኩል 3,200 ስቶል ኖሯቸው ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ጉልበቱን ሲያበዙት ስንት እጥፍ ያደርጉታል የሚለው ነው። 2.5 የሆነው ሲነሳ እንደ ወንጭፍ ነው፤ በመንገድ ጎማ ግን ቆመህ ጎማ ታጨሳለህ እንጂ አትሄድም። 2.0 አካባቢ ያለው ለስለስ ብሎ ይነሳል፣ ከፍ ባለ ዙር ላይም ጠንከር አድርጎ ይይዛል። አንተ ከ2.0 እስከ 2.2 ያለውን ጠይቅ።

ስታዝዝ የመኪናውን ክብደት፣ የካምሻፍቱን ቁጥር፣ ዲፈረንሻሉን፣ የጎማውን ቁመት፣ ናይትረስ (ለሞተሩ ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጥ ጋዝ) ይኖረው እንደሆነ ንገራቸው። ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ «አለኝ፣ ዛሬውኑ እልክልሃለሁ» የሚልህን ተወው። ዲፈረንሻልህን ካላወቅክ በሹፌሩ በር ላይ ያለውን ተለጣፊ አንብብ፤ ጂዩ5 የሚል ኮድ ካለ 3.23 ነው፣ ጂዩ2 ካለ 2.73 ነው። 2.73 ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ኮንቨርተሩን ትተህ በቅድሚያ ዲፈረንሻሉን ቀይር።

አንድ ዶላር ከማውጣትህ በፊት ግን የካምቢዮውን ዘይት አውጥተህ አሽትት። የተቃጠለ ከሸተተ ወይም ከጠቆረ ቁም። ያንተ ካምቢዮ፣ 4ኤል60ኢ የሚባለው፣ የታወቀ ደካማ ጎን አለው፤ የ3ኛና የ4ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ነው። በሙሉ ነዳጅ ከ2 ወደ 3 ሲቀይር ሞተሩ ለአፍታ ከጮኸ እሱ እያለቀ ነው። አዲስ ኮንቨርተር በታመመ ካምቢዮ ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ብናኙ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይገባና ሁለቱንም አንድ ላይ ትቀብራለህ።

የዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ተጨማሪ ኩለር ከራዲያተሩ ፊት ግጠም። ዘይቱ ከካምቢዮ ወጥቶ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ቀጥሎ በኩለሩ አልፎ ይመለስ። ካምቢዮህ ውስጥ የሙቀት ሴንሰር ስላለ በስካነር ታነበዋለህ። እስከ 200 ፋራናይት ድረስ ሰላም ነው። 220 ላይ ዓይንህን አትንቀል። 250 ከደረሰ ዳር ይዘህ ቁም።

ራስህ የምትገጥመው ከሆነ ይህን ስማኝ፤ እኔ ከፍዬበታለሁ። አዲስ አበባ ያደግኩት በኤንትሬ ፊያት ካምቢዮ ነው። እዚህ መጥቼ በመጀመሪያው ዓመት አንድ አውቶማቲክ ስገጥም ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አልገጥም አለኝ፤ ጣት የሚያህል ክፍተት ቀረ። «ብሎኑ ይስበዋል» ብዬ አጠበቅሁት። ሳስነሳው የካምቢዮው የዘይት ፖምፓ ተሰበረ። ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር። መጀመሪያ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ውስጡ ጨምር። ከዚያ እያዞርክ አስገባው፤ ሦስት ጊዜ «ገጭ» ብሎ መግባት አለበት፤ የካምቢዮው ዘንግ፣ ስታተሩ፣ ፖምፓው። ካምቢዮው ሞተሩ ላይ ከገጠመ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃ ይዙር። ከፍሌክስፕሌቱ (ኮንቨርተሩ በብሎን ከሚታሰርበት የሞተሩ ሳህን) ጋርም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው። ብሎኑን ያኔ አስገባ። ካማሮ ላይ ከኋላ አክስል የሚመጣው ረጅም ክንድ ካምቢዮው ጅራት ላይ መታሰሩን አትርሳ፤ እሱን ሳትፈታ ካምቢዮውን ለማውረድ አትታገል።

ከገጠምክ በኋላ ኮምፒውተሩን ለሚያስተካክልልህ ሰው ኮንቨርተሩ መቀየሩን ንገረው። ሚኒሞውን፣ የማርሽ መቀየሪያ ዙሩን፣ ሎክአፑ የሚይዝበትን ፍጥነት እንደገና ይሠራዋል። ሎክአፑ በሙሉ ነዳጅ እንዳይዝ አስደርግ፤ አንድ ፍሪሲዮን ብቻ ያለው ኮንቨርተር ያንን ጉልበት ብዙ ጊዜ አይችልም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለስለስ አድርገህ ንዳው። የዘይቱን መጠን ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ፓርክ ላይ ሆኖ እየው፤ ትንሽ ጎድሎ ታገኘዋለህ፣ ሙላው። ቡድስ ክሪክ ከመሄድህ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ማለዳ በ495 ትራፊክ መሃል ስካነሩን ሰክተህ ሂድ። ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ ጻፍልኝ።