ብሩም ስሙም የጋራ ነው፣ ውሳኔውስ የማን ይሁን?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? አምስት ጓደኛሞች ሆነን አራት ኪሎ አካባቢ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ምሳ ማድረስ ጀመርን፣ አሁን ፒያሳ፣ ልደታ፣ ካዛንቺስና መርካቶ ያሉ ልጆች ተጨምረው መቶ ምናምን ሆነናል። ወጪ ሁሉ ሚፀድቀው ግን አሁንም በአምስታችን ነው። ክረምት ላይ የልደታዎቹ የአንዲት እናት ጣራ እያፈሰሰ ነው፣ ለቆርቆሮ ብር ይፈቀድልን አሉን፣ እኛ ደሞ ዛሬ ነገ ስንል ሶስት ሳምንት ሳንሰበሰብ ቀረን፣ እናትየው ፍራሻቸው በስብሶ ብርድ መታቸውና ተኙ። የካዛንቺሶቹ በተቃራኒው ማንንም ሳይጠይቁ የአንድ አባትን ቪዲዮ ፊታቸው እየታየ ቲክቶክ ላይ ለቀው በአንዱ ልጅ የግል ቴሌብር ብር ሰበሰቡ። አሁን ግማሹ ሁሉም ነገር በማእከል ይሁን ይላል፣ ግማሹ እያንዳንዱ ሰፈር ራሱን ይቻል ይላል፣ በህግ ልንመዘገብ ስለሆነ ደሞ መወሰን አለብን። ምን ይሻለናል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መፃፍሽ ጥሩ ሆነ፣ ምክንያቱም መልሱ እዛው ውስጥ ነው ያለው። ጣራው ማፍሰሱን ሚያውቁት የልደታ ልጆች ናቸው፣ ቢሳሳቱ እንኳን ሚባክነው የጥቂት ቆርቆሮ ዋጋ ነው። ቪዲዮው ግን የሁላችሁንም ስም ነው ይዞ የወጣው፣ የአባትየውን ክብር ደሞ ከወጣ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። እና እኔ ብሆን መጀመሪያ ምጠይቀው አለቃው ማን ይሁን ብዬ ሳይሆን ጥፋቱ ቢመጣ ማን ላይ ነው ሚያርፈው ብዬ ነው፣ ሰፈሩ ላይ ብቻ ከሆነ ሰፈሩ ይወስን፣ ሁላችሁንም ሚነካ ከሆነ ለብቻው ማንም አይወስን።

እኔ የሰፈራችን እድር ፀሃፊ ሆኜ ለአመታት ሰርቻለሁ። ሰው ሲሞት ሌሊት ጥሩምባ ይነፋል፣ ሳይነጋ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ሳህኑ ይወጣል፣ ማንም ሰብሳቢው ጋ ሄዶ ይፈቀድልን አይልም፣ ለሀዘንተኛው ስንት እንደሚሰጥ፣ እቃው ስንት ቀን እንደሚቆይ ቀድሞ በጠቅላላ ስብሰባ ደንቡ ላይ ተፅፏላ! ያው እድር ግን ከካዝናው አውጥቼ መጋዘን ልስራ ቢል አባላቱ ሳይሰበሰቡ አምስት ሳንቲም አይነካም። አንድ ጊዜ እቃ እየጠፋ ሲያስቸግረን የእቃ ቤቱ ቁልፍ ሰብሳቢው ጋ ብቻ ይሁን ብለን ወሰንን፣ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ሰብሳቢያችን ክፍለ ሀገር ለቅሶ በሄዱበት ሳምንት ጎረቤታችን አረፉ፣ ድንኳኑ እቃ ቤት ተቆልፎበት ለቀስተኛው በሀምሌ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ ደጅ ቆመ፣ የሟች ልጅ ፊቷ እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ከዛ በኋላ ቁልፉ ሶስት ሰው ጋ ሆነ፣ ማን ምን እንደወሰደና መቼ እንደመለሰ ሚፃፍበት ደብተር በሩ ጀርባ ተንጠለጠለ፣ እቃም መጥፋቱ ቀነሰ።

ለናንተም ምለው ይሄንኑ ነው። ለየሰፈሩ በየወሩ መጠኑ የታወቀ ብር ስጡ፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ ሪሲቱ በሳምንት ውስጥ ይግባ፣ አስቀድሞ ፍቃድ ሚባል ነገር ግን አያስፈልግም። ከዛ በላይ ሲሆን ወደ ማእከል ይምጡ፣ ማእከሉ በሶስት ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ማን ይረዳ ሚለውንም ለነሱ ተዉት፣ 2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ስንቱ ሰው ወደ ዳር ዳር ሄደ፣ እትዬ እገሌ የት እንደገቡ ሚያውቀው ምሳ ሲያደርስ የነበረው ልጅ እንጂ ኮሚቴው ጋ ያለው ሊስት አይደለም። የባንክ አካውንቱ ግን አንድ ይሁን፣ በግል ስልክ ብር መሰብሰብ ጭራሽ ይቅር፣ የተረጂ ፊት ያለበት ነገር ደሞ ከማእከሉም ከራሱ ከባለቤቱም እሺታ ሳይገኝ አይለቀቅ። የካዛንቺሶቹን ቪዲዮ ዛሬውኑ አስወርዱት።

እያንዳንዱ ሰፈር ራሱን ይቻል ለሚሉት ደሞ፣ አለቃ የለንም ማለት ብቻውን ስልጣኑን አይበትነውም፣ ያኔም ብሩን የያዘውና የቴሌግራም ግሩፑ አድሚን ናቸው ሚወስኑት፣ ልዩነቱ እነሱን ማንም አልመረጣቸውም። ኢፌክቲቭ አልትሩይዝም ሚባለውን የውጪዎቹን የበጎ አድራጎት ንቅናቄ ብታዪ አንድ አለቃ የለውም፣ በየከተማው ያለው ቡድን የራሱን ነው ሚሰራው፣ ብሩ ግን በብዛት ሚመጣው ከጥቂት ባለሀብቶች ነበር፣ እና በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2022 ላይ ኤፍቲኤክስ ሚባለው የክሪፕቶ ድርጅት ሲከስር መስራቹ ከትልልቆቹ ለጋሾች አንዱ ስለነበር ብር ቃል የተገባላቸው ፕሮጀክቶች አየር ላይ ቀሩ፣ ውሳኔው ውስጥ እጃቸው የሌለበት ሰዎችም ስማቸው አብሮ ጎደፈ።

ምዝገባውን በተመለከተ፣ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማህበር ሆናችሁም በቦርድ የሚመራ ድርጅት ሆናችሁም መመዝገብ ትችላላችሁ ይላል። ማህበር ከሆናችሁ የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ በቦርድ ከሆነ ቦርዱ ነው። እኔ ማህበር ሁኑ ነው ምለው፣ ከየሰፈሩ የተመረጠ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ይግባ። አምስታችሁ መስራች ናችሁ፣ ክብር ይገባችኋል፣ ግን መቶውን ሰው ወክላችሁ እንድትወስኑ የመረጣችሁ የለም፣ ይሄ ቅር ሊላችሁ ይችላል፣ ቢሆንም አሁኑኑ ተነጋገሩበት። አስተዳደራዊ ወጪያችሁም ከገቢያችሁ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ የትኛው ብር ለተረጂ የትኛው ለአስተዳደር እንደወጣ ሚታየው ደሞ በሪሲት ስለሆነ ሰፈሮቹ ሪሲት ሲያዘገዩ ዝም አትበሉ፣ ተጠያቂው በህግ ድርጅቱ ነው።

ከዚ ሁሉ በፊት ግን ልደታ እናትየው ጋ ሂዱ፣ አምስታችሁም፣ ፍራሽ ይዛችሁ። ጣራውንስ ሰራችሁላቸው? እሱን አልፃፍሽልኝም።