አዲሱ ኮንክሪት ከአሮጌው ለምን ተላቀቀ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «የግቢዬ ኮንክሪት ስላረጀ አምና 3 ሳንቲ ሜትር አስደረብኩበት። ክረምቱ ሳይወጣ ተሰነጠቀ፤ አሁን ሲረግጡት ባዶ ድምፅ ያሰማል። ሲሚንቶው መጥፎ ሆኖ ነው? ዘንድሮ በአዲስ ላሠራው ነው፤ መኪናም ይቆምበታል።»

ወንድሜ፣ ሲሚንቶውን ተወው። መጀመሪያ ከተነሳው አንዱን ቁራጭ ገልብጠህ ሆዱን እይ። ልሙጥ ሆኖ ስስ ነጭ ቅርፊት ይዞ ከተነሳ ነገሩ ግልጽ ነው። ኮንክሪት ሲሞላ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ደቃቁንም ይዞ ይወጣና ላዩ ላይ ደካማ ቆዳ ይሠራል። አዲሱ ሙሌት የያዘው ያንን ቆዳ ነው፤ ቆዳው ደግሞ ከገዛ ኮንክሪቱ ተላቀቀ።

ስለዚህ የአምናውን ሙሉ በሙሉ አንሳው። የድሮውንም በመዶሻ እየመታህ አዳምጥ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ይነሳ። ከዚያ በመዶሻና በመሮ፣ ወይም በትንሽ የመቦርቦሪያ ማሽን፣ ጠጠሩ ራሱ ፈጦ እስኪታይ ድረስ ላዩን አስፈልፍለው፤ ከፍና ዝቅ ማለቱ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ አድርጎ መምታት (አሠሪ ሲመጣ ለማሳየት የምትደረገዋ) ሥራ አይባልም። ከባድ ማሽን ደግሞ የድሮውን ውስጥ ለውስጥ ይሰነጥቀዋል፣ ተጠንቀቅ።

መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ውሃ ጠብ አድርግ። ካልጠጣውና ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ዘይት አለ፣ በላዩ አትሙላ፤ እስኪጠጣ ድረስ ፈልፍለህ አውጣው። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ በመኪና ማጠቢያ ማሽን እጠበው።

ውሃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደረቅ ኮንክሪት የአዲሱን ውሃ ይመጠዋል፤ የቆመ ውሃ ካለ ደግሞ አዲሱና አሮጌው የሚያያዙበት ላይ ያለው ሲሚንቶ ይቀጥናል። ከሙሌቱ በፊት ሙሉ ቀን እያጠጣህ አቆየው፤ ስትሞላ ግን ጠቆር ብሎ እርጥብ ይሁን እንጂ ላዩ አያብለጭልጭ።

ሲሚንቶ ወፈር አድርገህ በውሃ በጥብጥና በብሩሽ እያሸህ ቀባው፤ ወዲያው የምትሞላበትን ያህል ብቻ። ቀድመህ ቀብተኸው ከደረቀ አጣባቂ መሆኑ ቀርቶ አላቃቂ ይሆናል፣ ያለ እሱ መሙላት ይሻል ነበር። ነጭ የእንጨት ኮላ ጨምርበት የሚልህን አትስማ፤ ዝናብ ሲያገኘው ይለሰልሳል። ማጣበቂያ ከገዛህ ለውጭና ለእርጥበት የሚሆን መሆኑን ዕቃው ላይ አንብብ።

ለመኪና 3 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ነው። 5 አድርገው፣ 01 በሚባለው ደቃቅ ጠጠር። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 ሊትር ውሃ አትለፍ፤ እርጥብ አሸዋም የራሱን ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። የድሮው መጋጠሚያ ባለበት ትክክል አዲሱንም ቁረጠው፣ አለበለዚያ እሱ ራሱ መርጦ ይሰነጠቃል። የበሩ ከፍታ ከፈቀደልህ ደግሞ ላስቲክ አንጥፈህ ሽቦ ያለው 10 ሳንቲ ሜትር ለብቻው ሙላ፤ ያኔ የማጣበቁ ጣጣ ጨርሶ ይቀርልሃል።

ሲጠነክር እርጥብ ጆንያ አልብሰህ 7 ቀን አጠጣው። መኪናውን ግን 28 ቀን ውጭ አሳድር።