የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአቅራቢው በስተጀርባ ማን አለ?

ስለ መድኃኒት አቅርቦት ከላካችሁልን ጥያቄዎች ለዚህ ዕትም አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለተለያየ ጉዳይ የተጻፉ ቢመስሉም አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፤ ጠያቂዎቹ የሸጠላቸውን እንጂ ያመረተላቸውን አያውቁም።

ጥያቄ፦ ለደም ግፊት ታብሌታችን የሚሆነውን ዋና ንጥረ ነገር (ኤፒአይ) ከሁለት አቅራቢዎች እንገዛለን። አንዱ ቢቋረጥ ሌላው አለ ብለን የመጠባበቂያ ክምችታችንን ከሁለት ወር ተኩል አናሳልፍም። ያስተማምናል? — የግዢ ክፍል ኃላፊ

መልስ፦ ያስተማምናል ለማለት ገና ነው። ሁለት ደረሰኝ አለ ማለት ሁለት ምንጭ አለ ማለት አይደለም። ብዙ የኤፒአይ አምራቾች የመጨረሻዎቹን ጥቂት የኬሚካል እርከኖች ብቻ ሠርተው ከዚያ በፊት ያለውን መካከለኛ ውህድ ከሌላ ፋብሪካ ይገዛሉ። ሁለቱ አቅራቢዎችዎ ውህዱን የሚገዙት ከአንድ ፋብሪካ ከሆነ፣ ያ ፋብሪካ የቆመ ዕለት ሁለቱም ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቻይና ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ምክንያት ፒፔራሲሊን ታዞባክታም የተባለው የሆስፒታል አንቲባዮቲክ በብዙ አገሮች ጠፍቶ ነበር። ሻጩ ብዙ፣ የሚቀዳበት ምንጭ ግን ጥቂት ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አቅራቢ ደብዳቤ ይጻፉ። የመነሻ ኬሚካሉ፣ መካከለኛው ውህድና የመጨረሻው ኤፒአይ እያንዳንዳቸው የሚመረቱበትን ፋብሪካ ስምና ትክክለኛ አድራሻ ይጠይቁ። የዋና መሥሪያ ቤት አድራሻ ልከው ዝም የሚሉ ስለማይጠፉ፣ ፋብሪካው ያለበትን ቦታ እስኪገልጹ ድረስ አይተዉ። ምንጭ በሚቀየርበት ጊዜ አስቀድመው እንዲያሳውቁዎት የሚያስገድድ አንቀጽም በጥራት ስምምነቱ ውስጥ ይግባ።

ቀጥሎ ስሌቱን ይሥሩ። በወር 400 ኪሎ ይፈጃሉ፣ መጋዘን ውስጥ 1,000 ኪሎ አለ እንበል። ይህ ሁለት ወር ተኩል ያቆያል። የተመረተው ታብሌት በአከፋፋዮች እጅ አንድ ወር የሚያዘልቅ ከሆነ ሦስት ወር ተኩል ይሆናል። ሁለተኛው አቅራቢ አዲስ ትዕዛዝ ተቀብሎ ለማምረት ሦስት ወር፣ ለማጓጓዝ አንድ ወር፣ ለእርስዎ ላቦራቶሪ ምርመራ አንድ ወር ቢያስፈልገው አምስት ወር ነው። የሚጎድለው የወር ተኩል፣ ማለትም የ600 ኪሎ ክምችት ነው። ይህም ቢሆን ሁለተኛው አቅራቢ በአንድ ጊዜ ሙሉውን 400 ኪሎ መሸፈን ከቻለ ነው። እስካሁን 80 ኪሎ ብቻ ሲያቀርብ የቆየ ከሆነ የማምረት አቅሙን በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።

ሁለተኛው ምንጭ በመድኃኒቱ የምዝገባ ሰነድ ውስጥ ካልተካተተ ግን ጨርሶ አይቁጠሩት። የሙከራ ባቾች (በአንድ ዙር የሚመረቱ መጠኖች) ይመረታሉ፤ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ75 በመቶ እርጥበት የስድስት ወር የተፋጠነ የስታቢሊቲ ጥናት፣ ማለትም መድኃኒቱ ሳይበላሽ የመቆየት ፈተና፣ ይደረጋል፤ ከዚያ ደግሞ የተቆጣጣሪው ፈቃድ ይጠበቃል። እጥረት ሲመጣ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

በዚህ ሂደት ብዙዎችን የሚጥለው የቅንጣት መጠን ነው። የሁለቱም አቅራቢዎች ዱቄት የፋርማኮፒያውን (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፉን) መስፈርት ያሟላ ይሆናል። የአንደኛው ዱቄት 90 በመቶው ከ40 ማይክሮን በታች፣ የሌላኛው ግን ከ120 በታች ቢሆን፣ በቀላሉ በማይሟሟ ንጥረ ነገር ላይ ታብሌቱ የመሟሟት ፈተናውን ሊወድቅ ይችላል። ከሁለቱም ጋር የቅንጣት መጠን ገደብ በውል ይስማሙ።

ጥያቄ፦ ለሕፃናት ሽሮፕ መድኃኒቱን የሚያሟሟውን ፈሳሽ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮልን፣ ከአስመጪ እንገዛለን። የትንተና ሰርተፊኬት ይዞ ስለሚመጣ ከየጭነቱ ጥቂት በርሜሎች ብቻ ናሙና እየወሰድን እናስገባለን። ይበቃል? — የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ

መልስ፦ አይበቃም። ዛሬውኑ አሠራሩን ይለውጡ።

ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል ኩላሊትን የሚያቆሙ መርዞች ናቸው። እንደ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ሁሉ ቀለም አልባ፣ ወፈር ያሉና ጣፋጭ ፈሳሾች ናቸው፤ ዋጋቸውም ይረክሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፓናማ ውስጥ ሰዎችን የገደለው የሳል ሽሮፕ ግሊሰሪን ተብሎ በተሸጠ ዳይኢትሊን ግላይኮል የተሠራ ነበር። ዕቃው ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲተላለፍ ሰርተፊኬቱ እንደገና እየተጻፈ የመጀመሪያው አምራች ስም ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በጋምቢያ ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት ሞት በእነዚሁ መርዞች ከተበከሉ ሽሮፖች ጋር ተያይዟል።

የተለመደው የናሙና ቀመር፣ የበርሜሎቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሲደመር አንድ፣ ከ25 በርሜል ስድስቱን ብቻ ያስከፍታል። አሥራ ዘጠኙ ሳይነኩ ያልፋሉ። ማጭበርበር ግን በርሜል እየመረጠ የሚገባ ነው። ለእነዚህ ፈሳሾች እያንዳንዱ በርሜል ተከፍቶ ናሙናው ለብቻው ይመርመር፤ የሁለቱም መርዞች ገደብ 0.1 በመቶ ነው። ምርመራው ቅልቅሉን ለያይቶ በሚለካው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይሁን። መሣሪያው ከሌለ በቀጭን ንብርብር ክሮማቶግራፊ አስቀድሞ ማጣራት ይቻላል፤ አጠራጣሪው ግን ጋዝ ክሮማቶግራፊ ወዳለው ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። ዴንሲቲ (እፍጋት) ለክቶ መተው አደገኛ ነው። ከገደቡ አሥር እጥፍ የሆነ የ1 በመቶ ቅልቅል እንኳ የፕሮፒሊን ግላይኮሉን ዴንሲቲ የሚለውጠው ከ0.001 ባነሰ ነው፤ በመለኪያው ላይ ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

በርሜሉ ሲደርስ የእሽጉን ቁጥር ከማሸጊያ ዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ። በአሮጌ መለያ ላይ አዲስ ተለጥፎ እንደሆነ በጥፍርዎ ጫፍ ይፈትሹ። ከዚያም የባች ቁጥሩን ይዘው አምራቹን ራሱን ይጠይቁ፤ አድራሻውን ግን ከሰርተፊኬቱ ላይ አይውሰዱ፣ በሌላ መንገድ ያግኙት። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ጭነቱ በኳራንቲን ይቆይ።

ጥያቄ፦ ለአቅራቢዎቻችን 120 ጥያቄ ያለው የአካባቢ ጥበቃ መጠይቅ እንልካለን። ሁሉም «አዎ» ተብሎ ይመለሳል። እውነቱን እንዴት እንወቅ? — የኦዲት ቡድን አባል

መልስ፦ «አዎ» የማይመልሳቸውን ጥያቄዎች ይጠይቁ። አንድ ኪሎ ኤፒአይ ለማምረት ስንት ኪሎ ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ይገባል? ስንት በመቶው ተጣርቶ ተመልሶ ይገባል? የቀረው የት ይሄዳል? መልሱ 60 ኪሎና 80 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 10 ቶን ኤፒአይ የሚያመርት ፋብሪካ 600 ቶን ሶልቨንት ያንቀሳቅሳል፤ ከዚህ 480 ቶኑ ይመለሳል፣ 120 ቶን ይቀራል። የማቃጠያና የቆሻሻ ማስወገጃ ደረሰኞቹ ሲደመሩ 30 ቶን ብቻ ከሆኑ 90 ቶኑ ወይ ተንኗል፣ ወይ ከፍሳሹ ጋር ወጥቷል። መጠይቁ በሙሉ ያላወጣውን ይህ አንድ ቅነሳ ያወጣዋል።

ኦዲት ሲሄዱ መጀመሪያ ወደ ሶልቨንት ታንኮቹና ወደ ቆሻሻ ማከማቻው ያምሩ፤ የስብሰባ አዳራሹ ይደርሳል። «የተመለሰ» የሚል ታንክ ሲያዩ ከየትኛው ምርት እንደተመለሰ፣ ወደየትኛው እንደሚገባ፣ ማጣሪያው የራሳቸው ወይም የውጭ ድርጅት መሆኑን ይጠይቁ። ሶልቨንትን መልሶ መጠቀም ለአካባቢ መልካም ነው፤ የአንዱን ምርት ርዝራዥ ወደ ሌላው ሊያሻግር መቻሉ ግን አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቫልሳርታን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት በብዙ አገሮች ከገበያ በተሰበሰበ ጊዜ የተገኘው ኤንዲኤምኤ፣ ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው ብክለት፣ በዋናነት የመጣው ከማምረቻ ዘዴ ለውጥ ነበር፤ ሶልቨንቱ ሲፈርስ የሚወጣው ዳይሜቲላሚን ከሶዲየም ናይትራይት ጋር ሲገናኝ ይፈጠራል። በኋላ በተደረገው ማጣራት ደግሞ በሚገባ ያልተጣራ የተመለሰ ሶልቨንትም የብክለት መንገድ ሆኖ ተገኘ። የሰርተፊኬቱ ምርመራ አልያዘውም፣ አልፈለገውምና። ዛሬ የተቀመጠው ገደብ በቀን 96 ናኖግራም ነው።

አንቲባዮቲክ የሚገዙ ከሆነ የፍሳሹን ልኬት በቁጥር ይጠይቁ። ለሲፕሮፍሎክሳሲን፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን እንዳያበዛ ተብሎ በጥናት የቀረበው መጠን በሊትር ወደ 0.06 ማይክሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ አጠገብ የብዙ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚያጣራ ጣቢያ የወጣው ውሃ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ይዞ ተገኝቷል። ገደቡ የሚለካው ፍሳሹ ከወንዙ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ ቢሆንም ይህን ያህል ልዩነት አቅጥኖ የሚሸፍን ወንዝ የለም። እንዲህ ያለ ፋብሪካ አንድ ቀን በባለሥልጣን ትዕዛዝ ሊታሸግ ይችላል። ያኔ የአካባቢው ጉዳይ የእርስዎ የክምችት ጉዳይ ይሆናል።

ጉድለት ያገኙበትን አቅራቢ ወዲያው አይጣሉት፤ ፍሳሹ ለሌላ ገዢ መፍሰሱን ይቀጥላል። ቀነ ገደብ ያለው የማስተካከያ ዕቅድ ይቀበሉት፣ በምላሹ የብዙ ዓመት የግዢ ውል ይስጡት። ዋጋውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ጨምቆ «የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ» ብሎ ማዘዝ ፍትሐዊ አይደለም፤ አይሳካምም።

ጥያቄ፦ ካርቦን ለመቀነስ ከአውሮፕላን ወደ መርከብ ብንዞር መድኃኒቱ ይጎዳል? — የሎጂስቲክስ ባለሙያ

መልስ፦ በክፍል ሙቀት የሚቀመጥ ታብሌት ከሆነና የስታቢሊቲ መረጃው ከፈቀደ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፤ የካርቦን ቅነሳውም ትልቅ ነው። ጉዞው ስለሚረዝም ግን የተጨመሩትን ሳምንታት ያህል ክምችት ይያዙ። በመጀመሪያዎቹ ጭነቶች የሙቀት መዝጋቢ ከአንድ በላይ ያድርጉ፤ አንዱ ከኮንቴይነሩ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ በሩ አጠገብ ይሁን። ኮንቴይነር የሚግለው በአብዛኛው ወደብ ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ስለሆነ፣ መዝጋቢው ዕቃው ወደ መጋዘንዎ ሳይገባ እንዳይነሳ ለአስተላላፊው በጽሑፍ ይንገሩት።