ጥያቄና መልስ፦ ለዋልካና ለኮረኮንች የሚሆን ፎር ዊል መኪና መምረጥና ማስተካከል

ክረምት ሊገባ ሲል በሱሉልታ ዳርቻ ወዳለችው ትንሽ ጋራዤ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ጎማ፣ ስለ መኪና ከፍታና ስለ ዋጋ ነው። ዘንድሮ ለእያንዳንዱ ቆሜ ከምመልስ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ በጽሑፍ ለመመለስ ቃል ገብቼ ነበርና እነሆ ፈጽሜአለሁ። ጥያቄዎቹን ያሳጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም። መልሶቼ የሜካኒክ ወገንተኝነት ስላለባቸው፣ ከጌጥ ይልቅ ጤናማ ዲፈረንሻል (አክስሉ ላይ ሆኖ የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) የሚያስደስተው ሰው እንደጻፋቸው ታስቦ ይነበቡልኝ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ከአስፋልት 4 ኪሎ ሜትር ገባ ይላል፤ መንገዱ ጥቁር አፈር ነው። ራቭ ፎር፣ ጂምኒ ወይስ ያረጀ ሃይሉክስ ልግዛ?

መልስ፦ ሦስቱም በአራት ጎማ ይነዳሉ ቢባልም አሠራራቸው የተለያየ ነው። ራቭ ፎር እንደ ቤት መኪና ሻንሲው ከቦዲው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ ለከባድ ማርሽ የሚሆን ሁለተኛ ካምቢዮ የለውም፤ ለጠጠርና ለቀላል ጭቃ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ግን አይጠየቅም። ጂምኒና ሃይሉክስ ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው፤ ባለአራት ጎማ የሆኑት ደግሞ ኤል 4 የምንለው ከባድ ማርሽ አላቸው። የኤል 4 ጥቅሙ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይነኩ በሞተር ብቻ ቀስ ብሎ መውረድ ያስችላል፣ እርጥብ ዋልካ ላይ ደግሞ ፍሬን የነካ ሰው መጨረሻው ቦይ ውስጥ ነው።

ጂምኒ አንድ ቶን ከትንሽ በላይ ብቻ ስለሚመዝን ከባድ መኪና በሚሰምጥበት ቦታ ላይ ላዩን ያልፋል፤ ቢቀረቀርም አራት ጎረምሶች ይገፉታል። ሆኖም ቤተሰብና ጤፍ አንድ ላይ አይጭንም። ሃይሉክስን በተመለከተ፣ ከድሮዎቹ ባለአራት ጎማዎች ብዙዎቹ የፊታቸው አክስል ወጥ ሆኖ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ወገብ ቢያነጥሩም በቀላሉ አይሰበሩም። ለእርስዎ መንገድ ምረጥ ብባል፣ ሰው ብቻ የሚያመላልሱ ከሆነ ጂምኒን፣ ዕቃም የሚጭኑ ከሆነ ሻንሲው ያልተበየደ ሃይሉክስን እመርጣለሁ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በእጅጉ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ምርጫዎ በአብዛኛው አገር ውስጥ ባለው ላይ የተወሰነ ነውና በሞዴሉ ከመጨነቅ ይልቅ በእያንዳንዱ መኪና ጤንነት ይጨነቁ።

ጥያቄ፦ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር አለኝ፤ እንጦጦን ሲወጣ ይደክማል። ፓምፑን አስከፍቼ ናፍጣ ባስጨምርለት ጥቁር ጭስ ብቻ ሆነ። ሞተሩ ሞቷል?

መልስ፦ አልሞተም፤ አየር አጥሮት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የቀነሰ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርሱ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ይሳሳል። የእርስዎ ሞተር ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ከሆነ አየሩን የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ብቻ ነውና ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው እዚህ 100 አካባቢ ሆኖ ቢያገኙት አይደነቁ። አየር በሌለበት ናፍጣ መጨመር ማለት ያልነደደ ናፍጣ በማርሚታ ማስወጣት ነው፤ ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው፣ እየቆየም ፒስተን ያግላል። ፓምፑን ወደነበረበት ያስመልሱ፣ የአየር ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ዳገቱን አንድ ማርሽ ቀንሰው ይውጡ። ቱርቦ ማስገጠም ይቻላል፤ ነገር ግን ቱርቦ ለሌለው ተብሎ በተሠራ ሞተር ላይ ስለሚገጠም የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይኖር የሚገጥምልዎትን ባለሙያ አይመኑት።

እግረ መንገዴን የምጨምረው አለ። በከተማችን ከፍታ ክዳን የሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተርዎ ከዚያ በላይ ሙቀት የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ብቻ ነው። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ይዘው ዳገት በኤል 4 መውጣት ሞተር ማቃጠያ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ከአንድ ሊትር ዘይት ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬን 10 ሳንቲ ሜትር ላስነሣው አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ አንድ ነገር ላሳይዎት። መኪናው ሥር ጎንበስ ብለው የኋላውን ዲፈረንሻል ይመልከቱ። ያ ድቡልቡል ብረት የተንጠለጠለው በአክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉ ደግሞ በጎማው ላይ ቆሟል። ሞላ ወይም ባሌስትራ ቢቀይሩ ቦዲው ከፍ ይላል እንጂ ዲፈረንሻሉ ከመሬት አንዲት ሚሊ ሜትር አይርቅም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። 265/70 የሆነ ባለ 16 ቸርኬ ጎማ በ265/75 ቢተኩ ጎማው ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ዲፈረንሻሉ ግን የሚያተርፈው የዚያን ግማሽ ነው። በዚሁ ላይ የፍጥነት መለኪያዎ 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 103 ያልፋል።

ማስነሣቱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ወጣ ገባ ላይ የመኪናው ሆድና ፓራውልቱ እንዳይመታ ይረዳል፣ ለትልቅ ጎማም ቦታ ይሰጣል። ነገር ግን ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆን መዘዙ ይበዛል። የፊት ጎማቸው ለየብቻ በሚንቀሳቀስ መኪናዎች የአክስሉ መጋጠሚያ ጎብጦ እየሠራ ጎሚኒው ይቀደዳል፤ ወጥ አክስል ባላቸው ላይ መሪው ይባዝናል፤ የፍሬን ቱቦ ያጥራል፤ የኋላው ክሮቼራ (የማዞሪያው ዘንግ መጋጠሚያ) ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም በላይ መኪናው ጎን ለጎን ተዳፋት ላይ መገልበጥ ይቀለዋል። ባሌስትራ ለማስነሣት ከአክስሉና ከባሌስትራው መካከል ብረት እየከመሩ የሚበይዱ አሉ፤ እኔ እንደዚህ ያለ መኪና ጋራዤ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ያንን ብረት መንቀል ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃዎታል፤ ከተረፈዎት ገንዘብ ጥሩ ሾክ አብዞርበር ይግዙ።

ጥያቄ፦ ለዋልካ ጥርሱ የሰፋ የጭቃ ጎማ ይሻላል ወይስ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነው መካከለኛው?

መልስ፦ ዋልካ ሌላ ጭቃ አይደለም፣ ሌላ ፍጥረት ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ሲጠቀለል ደግሞ እንደ ሊጥ ነው። የጭቃ ጎማ ጥቅሙ ጥርሶቹ የተራራቁ በመሆናቸው ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን መወርወሩ ነው፤ በዝግታ ከተነዳ ግን እሱም ሞልቶ ለስላሳ ድንች ይሆናል። በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። በሳምንት አምስት ቀን ፒያሳ የሚመላለስ ሰው መካከለኛውን ገዝቶ የጎማውን ንፋስ ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ንፋስ ስል፣ በፒ.ኤስ.አይ መለኪያ አስፋልት ላይ 35 የነበረውን ጭቃ ከመግባትዎ በፊት ወደ 20 ያውርዱት፤ ጎማው ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፣ ክብደቱንም ሰፋ ባለ መሬት ላይ ያሳርፋል። በርካሽነቱ ይህን የሚወዳደር ማሻሻያ አላውቅም። ጎማዎ ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ በዝቅተኛ ንፋስ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲዞር ካላማዳሪውን ይዞት ይሄድና ቫልቩን ይበጥሰዋል፣ ስለዚህ ከ25 ባይወርዱ ይመረጣል። አስፋልት ሲደርሱ ሳይሞሉ አይሮጡ፣ የጎማው ጎን ግሎ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ አስፋልት ላይ በኤች 4 (በአራቱም ጎማ በቀላል ማርሽ) ብነዳ ችግር አለው?

መልስ፦ መካከለኛ ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላው አክስል በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) በሌላቸው፣ ማለትም በአብዛኞቹ ፒክአፖች፣ ችግር አለው። ጠመዝማዛ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት እኩል ስላልሆነ ጫናው ካምቢዮው ላይ ይከማቻል፤ ማርሹ አልወጣ ብሎ የሚነክሰውም ለዚህ ነው። ከነከሰ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ይንዱት፣ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከጣሪያ አካባቢ እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ) ካስገጠምኩ ወንዝ መሻገር እችላለሁ?

መልስ፦ ስኖርክል የሚጠብቀው የሞተሩን አፍንጫ ብቻ ነው። በእርግጥ ያ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ውሃ ስለማይታመቅ አንድ ጊዜ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) አጣሞ ያርፋል። ይሁን እንጂ እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ከጫንጮ ወዲህ ያለ ጅረት በወገብ ልክ ውሃ በኩራት ተሻገርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኋላው ዲፈረንሻል ማላዘን ሲጀምር ታችኛውን ብሎን ፈታሁ፤ የወጣው ዘይት ሳይሆን ማኪያቶ ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ የመተንፈሻ ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በዘይት ጎሚኒው በኩል ውሃ ይስባል። ኩሽኔታውና ጥርሱ ተበልተው ነበር። ስለዚህ ከስኖርክሉ በፊት የሁለቱን ዲፈረንሻሎችና የካምቢዮውን መተንፈሻ በስስ ቱቦ እስከ ሞተሩ ክፍል ከፍ ያድርጉ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ውሃ ከተሻገሩም በኋላ የሁሉንም ዘይት ይመልከቱ። ስኖርክል ሲያስገጥሙ መጋጠሚያዎቹ አየር እንዳያስገቡ ያስፈትሹ፣ አብዛኞቹ ለጌጥ የተገጠሙ ናቸውና።

ጥያቄ፦ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ መኪናውን የሚጎትት)፣ የብረት ፓራውልትና የጣሪያ ፖርቶመጋላ በአንድ ጊዜ ላስገጥም ነው። ቅደም ተከተሉ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ሦስቱንም ባያስገጥሙ ደስ ይለኛል። ክብደት ሁሉ በዋልካ ላይ ጠላት ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለ ክብደት ደግሞ ተዳፋት ላይ ሁለተኛ ጠላት። ዊንች የሚጎትተው የሚታሰርበት ሲኖር ነው፤ የሱሉልታ ሜዳ ላይ ግን ከሣር በቀር ምን አለ? ባሕር ዛፍ ቢገኝም ግንዱን ከሥሩ በሰፊ ቀበቶ ካልያዙት ይላጣል፣ ቀጭኑ ደግሞ ተነቅሎ ይመጣል። ዛፍ በሌለበት ትርፍ ጎማ በደረት ልክ ቀብሮ ከእሱ ማሰር ይቻላል፣ የአንድ ሰዓት ቁፋሮ ከወደዱ።

በእሱ ፋንታ አካፋ፣ ሁለት የጎማ ማስነሻ ሳንቃ፣ የሚለጠጥ መጎተቻ ገመድና ለክሪክ ማስቀመጫ የሚሆን 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ጣውላ ይያዙ። ጣውላ የሌለው ክሪክ ዋልካ ላይ መኪናውን አያነሣም፣ ራሱ ይሰምጣል። ገመዱን ተጎታች ጋሪ የሚታሰርበት የብረት ኳስ ላይ በፍጹም አያስሩ፤ ተሰብሮ ሲወረወር ሰው ይገድላል። ሻንሲው ላይ በወፍራም ብሎን የታሰረ መንጠቆ ከፊትም ከኋላም እንዲኖርዎት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለውጥ ቦሎ ሲደረግ አያስቸግርም?

መልስ፦ ጎማ፣ ሾክ አብዞርበርና መተንፈሻ ቱቦ ያስቸገረው ሰው አላየሁም። ሞተር፣ ሻንሲ ወይም የቦዲ ዓይነት ከተቀየረ ግን ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መለያየቱ አይቀርምና ከመሥራትዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ያስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ስለ መኪና ብዙም አላውቅም። ያገለገለ ሃይሉክስ ልገዛ ስሄድ ፎር ዊሉ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጩ «ይሠራል፣ ግን አያስፈልገኝምና ነክቼው አላውቅም» ካለሽ አልሠራም ብለሽ ጀምሪ። ከፊት ጎማዎቹ መሃል በእጅ የሚዞር ሎክ ካለ ሁለቱንም አዙሪ፤ በጣት የማይዞር ከሆነ ለዓመታት አልተነካም ማለት ነው። ከዚያ ሣር ወይም ጠጠር ላይ አቁመሽ ኤል 4 አስገቢና ነዳጅ ሳትሰጪ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ፤ መኪናው ከሰው እርምጃ በዝግታ መሄድ አለበት። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ የፊት ጎማዎቹን ይይልሽ፦ በእርጥብ ሣር ላይ ነዳጅ ሲጨመር ከኋላዎቹ ጋር አብረው መፋተግ ይኖርባቸዋል፣ ዝም ብለው እየተገፉ የሚንከባለሉ ከሆነ ፎር ዊሉ የለም። በመጨረሻ የሁለቱን ዲፈረንሻሎች የላይኛውን ብሎን አስፈትተሽ ትንሿን ጣት አስገቢ፤ ጣትሽ ላይ የሚወጣው ዘይት ጥቁር ቢሆን ግድ የለም፣ ነጣ ያለ ከሆነ ወይም የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት ግን ቁልፉን መልሰሽ ነይ።