ቄቦቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ቤቱ ገና ነው

ስለ ጓሮ ዶሮ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ጥያቄ ይደርሰኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። የማንንም ስም አልጠቀስኩም፤ በተለይ ባለካርቶኑ ወንድማችን እንዳይሳቀቅ።

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን አራት ነው። ዶሮ የምንፈልገው ለእንቁላል ብቻ ነው። ጓደኛዬ «ከሃያ ካነሰ ምን ዋጋ አለው?» ትለኛለች። በስንት ልጀምር?

መልስ፦ አምስት ይበቃችኋል። አንድ እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ቅርፊቱ ላይ ነው። ስለዚህ ምርጥ የምትባለዋም በቀን ከአንድ በላይ አትጥልም፤ ሰዓቷ በየቀኑ እየዘገየ ይሄድና አንድ ቀን ትዘላለች። ለእንቁላል የተመረጠች ዶሮ በመጀመሪያ ዓመቷ በሳምንት አምስት ብትጥልላችሁ፣ ከአምስቱ 25 እንቁላል ታገኛላችሁ። አራት ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርግበታል?

ሃያዎቹ ደግሞ ይበላሉ። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ ለሃያዎቹ በወር 70 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ኩሱን ገና አልቆጠርኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ እንዳይሆንብዎ። ከሦስት ግን አያሳንሱ። ዶሮ በመንጋ የምትኖር ፍጥረት ናት፤ ከሁለት አንዷ ብትሞት የቀረችው ብቻዋን ትቀራለች። ከመግዛትዎ በፊትም ስንት ዶሮ እንደሚፈቀድ የአካባቢዎን ደንብ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ቄብ ገዝቼ ለጊዜው ካርቶን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ቤቱን በሚቀጥለው ሳምንት እሠራለሁ። እስከዚያው ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ገልብጠኸዋል፤ ቤት ይቀድማል፣ ዶሮ ይከተላል። የሆነው ሆኗልና ዛሬ ሊያሳስብህ የሚገባው ሌሊቱ ነው። ዶሮ በጨለማ አታይም ማለት ይቻላል። የመጣው ሁሉ ከተቀመጠችበት ያነሳታል። ቤቱ እስኪያልቅ ማታ ማታ በሩ የሚዘጋ፣ አየር የሚገባበት ክፍል ውስጥ አሳድራቸው። ውኃ ከፊታቸው አይጥፋ።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ ለአንዲት ዶሮ ከውስጥ ቢያንስ የካሬ ሜትር ሲሶ፣ ከውጭ ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ያህል መዋያ አስብ። ለሦስት ብለህ ብቻ አትሥራው፤ ዶሮ የጀመረ ሰው በሦስት ሲቆም ብዙ አላየሁም። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ሽቦው ላይ ነው። «የዶሮ ሽቦ» እየተባለ የሚሸጠው ቀዳዳው ስድስት ማዕዘን የሆነ ቀጭን ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬው እንዳይገባ አይከለክልም። ውሻ ይቀደዋል፣ አይጥ በቀዳዳው ያልፋል፣ ሸለምጥማጥም ቢሆን ብዙ አይቸገርም። ቀዳዳው ከ13 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ የተበየደ ጠንካራ ሽቦ ፈልግ። ከታች 30 ሴንቲሜትር ያህል ቅበረው፤ የሚገባው አውሬ ሁሉ በበር አይመጣም፣ የሚቆፍርም አለ።

የአየር መግቢያውን ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ ከራሳቸው በላይ በሚሆን ከፍታ ክፈት። ሰው ብርዱን ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፤ ላባ ያላትን ዶሮ ግን ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱና ከኩሱ የሚነሳው አሞኒያ የሚባል አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይጎዳታል። ወለሉን በደረቅ ገለባ ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ጎዝጉዘው። ጉዝጓዙ የሚቀየርበትን ቀን ለማወቅ ጎንበስ ብለህ አፍንጫህን በዶሮዋ ቁመት ልክ አድርግና አሽትት። ለቆጡ ለእያንዳንዷ 25 ሴንቲሜትር ያህል ስፍራ ስጥ። እንቁላል መጣያውን 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን አድርገው፤ አንዱ ለአራትና ለአምስት ይበቃል፣ ሦስቱም አንዱን መርጠው ይሰለፉበታል።

መጣያው ከቆጡ ዝቅ ይበል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያ ቤቴን ስሠራ «እንቁላሉን ሳልጎነበስ ላነሳ» ብዬ ሳጥኑን ከፍ፣ ቆጡን ዝቅ አደረግሁት። ዶሮ ስታድር ከፍ ያለውን ነው የምትመርጠው፤ ሁሉም ሳጥኑ ውስጥ አደሩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ጠዋት ጠዋት እንቁላሌን ከኩስ ውስጥ ስለቅም ነበር።

ጥያቄ፦ እንቁላል እንዲጥሉ አውራ ዶሮ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ከፈለጉ ብቻ ነው። ጎረቤትዎ እንቅልፍ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ይተውት።

ጥያቄ፦ የአንድ ቀን ጫጩት ልግዛ ወይስ ያደገ ቄብ? ልጆቼ ጫጩት እያሉ ያለቅሳሉ።

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ16 እስከ 18 ሳምንት የሆናት ቄብ ትሻላለች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጣል ትጀምራለች፣ ከአስቸጋሪው ዕድሜም አልፋለች። ሲገዙ የተሰጣትን ክትባት ይጠይቁ። አርጅታ መጣል የቀነሰችን ዶሮ «ቄብ ናት» ብሎ የሚሸጥ አይጠፋምና እግሯን ይዩት፤ የወጣቷ ቅርፊት ለስላሳ ነው፣ የአሮጊቷ ሻካራና የተነሳ ነው። ገና ያልጣለች ቄብ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ትንሽና ፈዘዝ ያለ ነው።

ልጆቹ ካሸነፉዎት ለጫጩቶቹ ሙቀት ያዘጋጁ። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነሱ ላባ እስኪያወጡ መቀጠል ነው። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ የሚናገሩት ራሳቸው ጫጩቶቹ ናቸው። ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ከዳር ዳር ተለጥፈው አፋቸውን ከከፈቱ ሙቀቱ በዝቷል፤ ተበታትነው ከጫሩና ከተኙ ተስማምቷቸዋል። አምፖሉን በገመድ ብቻ አይስቀሉት፣ በሰንሰለት ያጥብቁት፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ከወደቀ ቤት ያቃጥላል። እንደመጡም የእያንዳንዳቸውን የአፍ ጫፍ ውኃ ያስነኩ፣ ከዚያ ራሳቸው ይጠጣሉ። ልጆቹ ሁልጊዜ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጫጩት አይሳሙ። ጤነኛ የምትመስል ጫጩት ሳልሞኔላ የተባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለችና።

ጥያቄ፦ የጣይ ዶሮ መኖ ተርፎኛል። ስድስት ሳምንት ለሆናቸው ጫጩቶች ብሰጥስ? የቤት ትርፍራፊስ?

መልስ፦ መኖውን አይስጡ። የጣዮቹ መኖ ለቅርፊት ተብሎ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው፤ ለጫጩት 1 በመቶ ገደማ ይበቃታል፣ ትርፉ ኩላሊቷን ይጎዳል። ትርፍራፊ በትንሹ ይቻላል፣ ከዕለት ምግባቸው ከአሥር አንድ እጅ ባይበልጥ። ሻጋታ ያለበትን፣ ጨው የበዛበትን፣ ያልበሰለ ደረቅ ቦሎቄን፣ አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭንና የአቮካዶ ልጣጭና ጠንካራ የውስጥ ፍሬን ያስቀሩ። «ዶሮ ምን ታውቃለች፣ የማይሆናትን ትተወዋለች» የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንበትም።

ጥያቄ፦ ትናንት ደህና የነበሩ ሦስት ዶሮዎች ዛሬ ሞቱ። አንዷ አንገቷ ተጠማዟል፣ ተቅማጧም አረንጓዴ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን አንቲባዮቲክ ልስጣቸው?

መልስ፦ አይስጡ፣ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። የነገሩኝ ምልክት ከፈንግል ጋር ይመሳሰላል። ፈንግል የሚመጣው በቫይረስ ነውና አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። የወፍ ጉንፋንም እንዲህ ባለ ድንገተኛ ሞት ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ የሞቱትን በባዶ እጅ አይንኩ፣ አይብሉ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው በጥልቅ ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። በሕይወት ያሉትን አይሽጡ፣ ለዘመድም አይስጡ። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ዶሮዎቹ መታመማቸውን ሲያይ ሳይሞቱ ልሽጣቸው ይላል፣ በሽታውም በእርሱ እጅ ከሰፈር ሰፈር ይሄዳል።

ወደፊት ሲጀምሩ የፈንግልን ክትባት በወቅቱ ያስከትቡ፤ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል፣ ይደገማልም። አዲስ የገዙትን ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሳይቀላቅሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል አራት፣ ለብቻ ያቆዩ።

ጥያቄ፦ ሲመሽ ወደ ቤታቸው አንገባም ይላሉ። ባለፈው ወር እንዲህ አልነበሩም።

መልስ፦ ቅንቅን ይመስለኛል። ቀይዋ ቅንቅን ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ተደብቃ ሌሊት ወጥታ ደም ትመጥጣለች። ማታ ባትሪ ይዘው ይግቡና ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር ያሻሹበት። ቀይ ነጠብጣብ ከያዘ እርሷ ናት። ዶሮዎቹን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ቤቱን ባዶ አድርገው፣ ጉዝጓዙን አቃጥለው፣ ስንጥቁን ሁሉ ያጽዱ። ሐኪሙ የሚያዝልዎትን የሚረጭ መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ረጭተው አይተዉ፤ ከእንቁላሏ የምትወጣ ሌላ አለች።

ጥያቄ፦ አዲስ ሁለት ጨመርኩ፣ ነባሮቹ ሊገድሏቸው ነው።

መልስ፦ ዶሮዎች በመካከላቸው የበላይና የበታች አላቸው። ይህን «የመንከስ ተራ» ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ እ.ኤ.አ. በ1921 ጽፎበታል፤ ዶሮዎችን ከልጅነቱ ጀምሮ ነበር የሚያያቸው። አዲስ ሲገባ ተራው እንደገና ይደለደላልና ጥቂት መነካከስ አይቀርም። ሳምንት ያህል በሽቦ ለይተው እየተያዩ ያውሏቸው፣ ከዚያ መመገቢያና መጠጫውን በሁለት ቦታ አድርገው ያቀላቅሏቸው። ደም ከታየ ግን የተጎዳችውን ወዲያው ያውጡ፤ ቀይ ነገር ሌሎቹን ይጠራል።

ጥያቄ፦ ዶሮዬ በየቀኑ ታሽካካለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ግን ሁለት ሳምንት እንቁላል የለም። ላባዋም አልረገፈም።

መልስ፦ ላባዋ ቢረግፍ ኖሮ ላባ እየቀየረች ነው፣ ሁለት ሦስት ወር ይታገሷት እልዎት ነበር። ይህችኛዋ ግን ሌላ ቦታ እየጣለች ነው። አብዛኞቹ የሚጥሉት ከጠዋት እስከ ቀትር ስለሆነ ለአንድ ሳምንት እስከ ቀትር ከቤቷ አያውጧት፤ ሳጥኑን ትለምዳለች። እስከዚያው ቁጥቋጦውን፣ የእንጨት ክምሩን፣ ከአሮጌው በርሜል ጀርባ ያለውን ጥግ ይፈልጉ። ያገኙትን ክምር ውኃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የተንሳፈፈውን ይጣሉ፣ የሰመጠውንም ለየብቻ ሰብረው አሽትተው እንጂ ከሌላው ጋር አይቀላቅሉ።