ስምንቱ ሳንቃ

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ሁለት ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅተው ቆላ ወርደው፣ ከሸዋ ሮቢት ወዲያ፣ አንድ ረግረግ ሊያለሙ አስበዋል። ወፍ የሚያይ ቱሪስት ይመጣል፣ ፈቃድ ከተገኘ ዳክዬ አዳኝም ይመጣል፣ ዶላር ይገባል። ላፕቶፑን ከፍቶ ሥዕሉን አሳየኝ። ያምራል። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ የክረምቱን ውኃ መውጫውን ዘግተን ዓመቱን ሙሉ ብንይዘውስ?» አለኝ።

ስኒዬን አስቀመጥኩ። ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ይህንኑ ጥያቄ ራሴን ጠይቄ፣ ራሴው መልሼ፣ ራሴው ያበላሸሁት ነገር አለ። ለእሱ ግማሹን ነገርኩት። ለእናንተ ሙሉውን ልጻፈው።

በ1987 ዓ.ም. ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ፣ ዩታ ሄጄ ነበር። ዩታ በረሃ ነው። ቤር ሪቨር የሚባል ወንዝ አለ፤ መጨረሻው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም። የእኛው አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀረው ማለት ነው። ወንዙ ጨዋማው ሐይቅ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውኃውን በአፈር ግድብ ያዙና በክፍል በክፍል ከፍለው የአእዋፍ መጠለያ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሐይቁ ሞልቶ ግድቦቹን አፈራርሷቸው ነበር። እኔ ስደርስ ገና ይጠግናሉ።

የውኃ በራቸው ረቂቅ ነገር መስሎኝ ነበር። አይደለም። በሲሚንቶ ክፈፍ ውስጥ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ይደረደራል፣ ይኸው ነው። ውኃው ከፍ እንዲል አንድ ትጨምራለህ፣ ዝቅ እንዲል አንድ ታነሳለህ። አብሬው የተመደብኩት ሽማግሌ ሠራተኛ ብዙ አያወራም። በመንጠቆ ላይኛውን ሳንቃ ስቦ ያወጣል፣ ውኃው ሲወርድ ትንሽ ቆሞ ያያል፣ መኪናው ውስጥ ይገባል። በቃ። ለሳምንት አይነካውም። እኔ አጠገቡ እቁነጠነጣለሁ። ሦስት አራቱን ነቅለን ብንገላገልስ?

ምክንያቱ ቀላል ነው። አብዛኛው ዳክዬ አይጠልቅም። ጭራውን ወደ ሰማይ አቁሞ አንገቱ የደረሰበትን ይለቅማል፤ አንድ ስንዝር ውኃ ይበቃዋል። ከሚለቅመው ዘር ብዙው ደግሞ ውኃ ከሸሸው ጭቃ ላይ የሚበቅል ሣር ነው። ስለዚህ በጸደይ ውኃውን ቀስ አድርገው ያወርዱታል፣ ጭቃው ፀሐይ ያገኛል፣ ሣሩ ዘር ይይዛል። ከዚያ በመኸር ስስ ውኃ ያለብሱታል። ዳክዬው ከሰሜን ሲደርስ ማዕዱ ቀርቦ ይቆየዋል።

አዳኞቹንም አይቻለሁ። እስከ ደረታቸው ጎማ ለብሰው፣ ውሻቸውን ይዘው፣ ጎህ ሳይቀድ ቄጠማ ውስጥ ይገባሉ። ለዳክዬ ይህ ሁሉ ድካም አስቆኝ ነበር። እኛ ቤት ዳክዬ አይበላም። እናቴ «ይብራ» ነበር የምትላቸው፤ ይበላሉ ቢሏት ታማትባለች። ግን እነዚያ አዳኞች እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በየዓመቱ ቴምብር ይገዛሉ፤ ገንዘቡ ረግረግ መግዣና መጠበቂያ ይሆናል። እኔ አደን አልወድም። ቴምብሩን ግን ወድጄዋለሁ። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ እስካሁን አልጨረስኩትም። ለእህቴ ልጅ ያልኩት፣ አዳኝ የምታመጡ ከሆነ የእርሳስ ጥይት እንዳታስገቡ ነው። ዳክዬ ፍንጣሪውን ጠጠር መስሎት ይውጠውና ይመረዛል። አሜሪካኖቹም ለውኃ ወፍ አደን እ.ኤ.አ. በ1991 ከልክለውታል።

ተመለስኩ። በ1989 ዓ.ም. ያው ቆላ ውስጥ አንዲት ረግረግ ከመሥሪያ ቤቴ በኃላፊነት ተሰጠችኝ። ከጣርማ በር በኩል የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ይሞላታል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ይደርሳሉ፤ አፉ ማንኪያ የመሰለው ዳክዬ አለ፣ ጭራው እንደ መርፌ የቀጠነው አለ። ከጥር በኋላ እየደረቀች ትሄዳለች፣ ሣር ታበቅላለች፣ ከብት ይገባባታል። ልብ በሉ። ዩታዎች በሳንቃና በመንጠቆ የሚያደርጉትን እግዜር እዚህ በነፃ ያደርገዋል። እኔ ግን የታየኝ ብክነት ነው። በበረሃ ውኃ እያለ እንዴት ይደርቃል? መውጫው ላይ የሲሚንቶ ክፈፍ አሠራሁ። ስምንት ሳንቃ ደረደርኩ።

ሳንቃው ሲገባ አንድ ሼህ ከብቶቻቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ። ሲበቃቸው ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይኼ ውኃ እንግዳ ነው። እንግዳ ላይ በር አይዘጋም» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። አሜሪካ ደርሶ የመጣ ሰው ፈገግታ።

የመጀመሪያው ዓመት ሠርግ ነበር። በመጋቢት ውኃ! አለቆች መጡ፣ ፎቶ ተነሣን። በሁለተኛው ዓመት ፊላው ግጥም አድርጎ ዘጋው። ዳሩ ላይ ነጭ ጨው መጣ። የሰፈሩ ልጆች በወባ ወደቁ። ሣሩ ስለሰመጠ ሼሁ ከብቶቻቸውን ራቅ አድርገው መንዳት ጀመሩ።

ግንቦት ላይ አንድ ዝይ ዳር ወድቆ አገኘሁ። ሞቷል ብዬ ሳነሳው ልቡ መዳፌ ላይ ይመታል። አንገቱ ግን እንደ እርጥብ ገመድ ተዘረጋ። ወዲያው አወቅሁት፤ ዩታ ውስጥ ደጋግመው ያስጠኑን ነገር ነው። ቦቱሊዝም። ጀርሙ ጭቃ ውስጥ ይኖራል። ውኃው ሲሞቅ፣ ሲቆም፣ የበሰበሰ ነገር ሲበዛበት መርዝ ያመርታል። አንዱ ወፍ ይሞታል፣ ሬሳው ላይ ትል ይፈላል፣ ትሉ ምንም አይሆንም፤ ትሉን የለቀመው ወፍ ግን ይሞታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሬሳ መልቀም ነው። ከእረኛ ልጆች ጋር ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ለቅመን ቀበርን። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባትሪ ይዤ ሄድኩና ስምንቱንም ሳንቃ ነቀልኩ። ስምንቱንም፣ በአንድ ሌሊት። ያን ሽማግሌ ለአፍታ እንኳ አላስታወስኩትም።

ሲነጋ ረግረጉ ባዶ ጭቃ ነው። ዓሣው፣ ነፍሳቱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይሸታል፤ ለበሽታው ድግስ አዘጋጀሁለት። የወፉ ሞት ባሰ። ከታች ደግሞ የሼሁ ልጅ የሽንኩርት ማሳ ነበር። ሊነቀል ጥቂት ሳምንት የቀረው። ውኃው ግማሹን ጠርጎታል፣ ግማሹ ደለል ውስጥ ተቀብሯል። ልጁ እዚያው ቁጢጥ ብሎ አንድ ሽንኩርት በጣቱ ያጸዳል። አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ቢሮ ተመልሼ ሪፖርት ጻፍኩ። «ባልተጠበቀ ጎርፍ ምክንያት» የሚል ሐረግ አስገባሁበት። ጎርፍ ካሣ አይከፍልም። ማንም አልጠየቀኝም። በኋላ ሼሁን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ሽንኩርቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እሱን ማንኛውም የሥራ ልምድ ወረቀት ይነግራችኋል። እናንተን የምለው፣ ከመሥራታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ቦታውን ተመልከቱት። ማን ከብት ያስገባል፣ ውኃው በየትኛው ወር ይሸሻል፣ ፊላው የት ይጀምራል። ሳንቃ ካስገባችሁም ቀስ እያላችሁ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ አውርዱት። የዛሬ ልጆች ይህ አይሆንላችሁም። ሁሉን በስልክ አይታችሁ ጨርሳችኋል፣ ጭቃ አትረግጡም። እርግጥ ያው የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ባለ አፕ፣ እኔ ሃያ ዓመት በተሳሳተ ስም ስጠራት የኖርኩትን ትንሽ ዳክዬ በደቂቃ ለይቶልኛል። ተቀብያለሁ።

ደጋ ላይ እኮ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ልጅ ሆነን በግ ስንጠብቅ፣ ወንዝ ዳር ያ ሰማያዊ ክንፍ ያለው የእኛው ዝይ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ ጥሎ፣ እንደ ሹም እየተንጎማለለ በጎቹ መሐል ሣር ይግጥ ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ያኔ ማን ያውቃል። ጠጠር እንወረውርበት ነበር።

ለማንኛውም ጥር ላይ አብረን እንወርዳለን። ሼሁ አርፈዋል አሉ። ልጃቸው አሁንም እዚያው ሽንኩርት ይተክላል። የእህቴን ልጅ፣ እዚያ ስንደርስ አንተ መኪናው ውስጥ ትቆየኛለህ ብዬዋለሁ። ለምን አለኝ። ዝም አልኩት።